ደህና ናት ይሉኛል

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 11 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ጠዋት 1 ሰ.
ልጄ ማርታ የሞተሯን ሰንሰለት ዘይት ቀባች። ጎማውን በእግሯ መታ መታ አደረገች። እኔ ዳቦና ቆሎ በፌስታል ቋጥሬ ቆሜያለሁ። ከጃኬቷ ሥር ጋዜጣ ደርቢ አልኳት፤ ሳቀችብኝ። ኋላ ግን ደረበች። ሄደች። ከሰፈራችን ከሮዘተንቪል እስከ ደርባን፣ ምግብ በምታደርስባት በዚያች ሞተር።

ደብተሬ፣ ለምን አልከለከልሻትም ትይኝ ይሆናል። ከልክዬ ነበር። ማርታ 27 ዓመቷ ነው። የወንድሜን መቃብር ሳላይ መንፈቁ አለፈ አለች። አገር አቋራጭ ታክሲ ውስጥ ከ15 ሰው ጋር ታፍኜ አልሄድም፣ ታምራትን የበላው እሱ ነው አለች። እኔ ደግሞ ከኮሮናው ወዲህ ትንፋሽ ያጥረኛል። ደረጃ እንኳ የምወጣው እያረፍኩ ነው።

ታምራት ልጄ ጥር ላይ ደርባን ሞተ። እዚያው ተቀበረ። አላየሁትም።

ማታ 12 ሰ.
ግማሽ መንገድ ላይ ያለችው ሃሪስሚዝ ገብታለች። የታምራት ጓደኛ ከድር እዚያ ሱቅ አለው። የስልጤ ልጅ ነው። ሚስቱ ብርድ ልብስ ደራርባላታለች። ማርታ ፎቶ ላከችልኝ። ተራራ፣ ጫፉ ላይ በረዶ። ነገ በዚያ ትወርዳለች።

ረቡዕ፣ 8 ሰ.
ጠዋት 2 ሰ. ላይ ተነሳች። ከዚያ ወዲህ ስልኳ ዝግ ነው። 11 ጊዜ ደወልኩ።

ጎረቤቴ ወ/ሮ ዘነበች ስልክ ተደወለላት፤ ደጅ ወጥታ አወራች። ተመልሳ ደህና ናት አለችኝ፤ ተራራው ላይ ኔትወርክ የለም አለች። እውነቱን አፏ ላይ ፈለግሁ። ማስክ አድርጋለች።

ጥር ላይም ታምራት ደህና ነው ብላኛለች። ያኔ እኔም ታምሜ ተኝቼ ነበር። በእኛ ወግ መርዶ በስልክ አይነገርም። ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ በማለዳ መጥቶ ነው የሚያረዳው። መሰብሰብ ደግሞ ተከልክሎ ነበር። ጠበቁ። ልጄ ከተቀበረ በኋላ አራት ቀን ሙሉ ተሽሎታል፣ ሾርባ ጠጣ ይሉኝ ነበር። የምን ሾርባ ብዬ ጠየቅሁ። የዶሮ አሉኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

አልጠላቸውም። እኔም በሰው ላይ አድርጌዋለሁ። ግን ዛሬ ማንን ልመን?

11 ሰ. ተኩል
ደወለች! ደርባን ናት፣ ታምራት ይኖርበት የነበረው ቤት። ወድቀሽ ነበር እንዴ አልኳት። ኧረ እማ፣ ምንም አልሆንኩም አለች።

ሐሙስ፣ 4 ሰ.
በስልኳ መቃብሩን አሳየችኝ። ቀይ አፈር፣ ቁጥር የተጻፈበት ብረት። ስሙ የለም። ለቅሶ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ አልመጣም። ሣሩን ንቀይለት አልኳት። አንድ እግሯን ዘርግታ፣ ጎንበስ ብላ ነቀለች። ደክሟታል ብዬ አለፍኩት።

9 ሰ.
ከድር ደወለ። «እናቴ፣ የማርታ ጉልበት እብጠቱ ቀነሰ?»

የምን ጉልበት አልኩት።

«ያ አላህ! አልነገሩዎትም እንዴ?»

አሁን አንተ ትነግረኛለህ አልኩት። እያማጠ ነገረኝ። ቁልቁለቱ ላይ ጉም ነበር። ትልቅ መኪና ሲያልፍ ነፋሱ ከመንገድ ወረወራት። ሣር ላይ ወደቀች። አንድ ሾፌር አነሳት፤ በእሱ ስልክ ለከድር ደወለች። ከድር በመኪናው ደርሶ ጉልበቷን አሰረላት፣ የወለቀውን ሰንሰለት መለሰ። ሞተሯን ትተሽ በመኪና ሂጂ ቢላት እንቢ አለች። ለዘነበች ያኔውኑ ደውሎላት ኖሯል። ለእኔ እንድትነግረኝ።

ማርታም እንደነሱ ሆነች። የገዛ ልጄ።

ዓርብ፣ 3 ሰ.
ማርታን ጠየቅኳት። አመነች፤ አለቀሰች። እንዳትጨነቂ ብዬ ነው አለች። እሁድ በዚያው መንገድ ልትመለስ ነው። ሞተሯን ተያት ብዬ ለመንኳት። ትቻት ምን ልብላ እማ አለች። አልጋው ላይ ተቀምጬ እጄን አየሁ። ምንም የማይዝ እጅ።

8 ሰ.
ወስኛለሁ። ነገ በታክሲ እወርዳለሁ። ሁለት ማስክ አደርጋለሁ። መስኮቱን ከፍቼ እቀመጣለሁ፤ በረደን ካሉ ይብረዳቸው። ልጄን እቀብራለሁ፣ ማለቴ መቃብሩን አያለሁ። ከዚያ ከማርታ ጋር በሞተሯ እመለሳለሁ። በዚያ ተራራ ላይ የሚሆነውን እዚያው ሆኜ ልየው። ማንም መጥቶ እንዳይነግረኝ፣ ማንም እንዳይደብቀኝ።

ዘነበች ሰምታ «አንቺ? በሞተር? በዚህ ወገብሽ?» ብላ ሳቀችብኝ። ቀጥላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ይቅር በይኝ አላለችም። እኔም አልጠየቅኋት። የራሷን ወፍራም ሹራብ አምጥታ አልጋዬ ላይ አስቀመጠች።

ለማርታ ደወልኩ። ምግቡን የምትጭንበት ሳጥን ከኋላ፣ ሰው የሚቀመጥበት ላይ ነው የታሰረው። ፍቺው አልኳት። ለምን አለች። ነገርኳት። ከዚያ አጠገቧ ያለውን ሰው፣ መፍቻ አለህ ወይ ስትለው ሰማሁ።