ወንበር ስላስነሡልን እናመሰግናለን

ለተከበሩ የከተማችን ተሽከርካሪ ምዝገባ መሥሪያ ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎንስ አያምዎትም? የምጠይቀው ከልቤ ነው፤ እኔና ባለቤቴ ቢሮዎ ደጃፍ ያለው አግዳሚ ላይ ከከረምን ወዲህ የሰው ሁሉ ወገብ ያሳስበኛል። የእርስዎ ወንበር ለስላሳና ተሽከርካሪ መሆኑን በሩ ሲከፈት አይቼ ተጽናንቻለሁ።

እኔ ዳቦ ጋጋሪ ነኝ። ባለቤቴ ጧት ጧት ዳቦውን ለሱቆች ያደርሳል፤ ከዚያ ተመልሶ እግራቸው አልታዘዝ ያላቸውን እናቱን ኩላሊታቸውን ወደሚያሳጥቡበት ሆስፒታል ይወስዳል። አሮጌዋ የናፍጣ መኪናችን ሁለቱንም ስትሠራ ኖራ ሞተሯ ነክሶ በቆመች ሰሞን እርስዎ በሬዲዮ ቀርበው «ለሥራም ለቤተሰብም የሚሆን የኤሌክትሪክ መኪና ግዙ፤ እኛ ከጎናችሁ ነን» አሉ። እኛም አመንዎት።

ካየናቸው ሦስት መኪኖች መምረጥ ቀላል አልነበረም። ትንሿ በሰፈራችን ቀጭን መንገድ እንደ ልብ ትዞራለች፣ የአማቴ ተሽከርካሪ ወንበር ግን አይገባባትም። ትልቋ ባትሪዋ ሩቅ ያስኬዳል፣ ነገር ግን ወለሏ ከፍ ያለ ስለሆነ እሳቸውን እንደ ጆንያ ልንሸከም ነው። ሦስተኛዋ ወለሏ ዝቅ ያለ፣ በሯ ወደ ጎን የሚንሸራተት፣ ከዳቦ ሳጥኖቹ ፊት ምቹ ወንበር ያላት ነበረች። አማቴ ገብተው ተቀመጡባትና «ይቺ ትሁን፤ እንደ ሰው አስገባችኝ» አሉ። ከዚያ በኋላ ምን ክርክር አለ?

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩. ሰሌዳ ልናወጣ ስንመጣ «ለሥራ ነው ለቤተሰብ?» ብለው ለጠየቁን ሠራተኛዎ፤ «ለሁለቱም» ስንላቸው ሁለቱም የሚባል ነገር እንደሌለ በትሕትና ስላስረዱን። በሬዲዮ የሰማነው ድምፁ እርስዎን የሚመስል ሌላ ሰው ሳይሆን አይቀርም።

፪. «ለቤተሰብ» ብለን ስንመለስ ዳቦ መጫን ስለከለከሉን፣ «ለሥራ» ብለን ስንመለስ ደግሞ የኋላው ወንበር ይነሣ ብለው ስላዘዙን። ባለቤቴ ብሎኑን ሲፈታ እናቱ በመስኮት ያዩት ነበር። «ልጄ፣ እኔስ ዳቦ አልሆን ነገር» ብለው ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

፫. ሌላ መላ ስናጣ አማቴን ከነተሽከርካሪ ወንበራቸው በሳጥኖቹ መካከል አስረን ስንሄድ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመን። ክፉ ሰው አልነበረም፤ «በዕቃ መኪና ሰው አይጫንም፤ የገዛ እናቴም ብትሆን ከዚህ አላሳልፍም» አለን። እውነቱን ነው። አማቴን መንገድ ዳር አውርደን፣ ታክሲዎቹ ወንበሩን ሲያዩ ነዳጅ እየረገጡ ሲያልፉን ቆይተው፣ በመጨረሻ አንዱ ጭኖን ሆስፒታል ስንደርስ የእጥበት ማሽኑ ለሌላ ታማሚ ተሰጥቶ ቆየን። በማግስቱ ፊታቸው አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ድንገተኛ ክፍል ገቡ። ተርፈዋል፤ ለዚህ ግን የማመሰግነው ሐኪሞቹን ነው።

አራተኛም ነበረኝ፤ ደከመኝ።

አማቴ አሁን ሆስፒታሉ አጠገብ በምትኖረው ሴት ልጃቸው ቤት ናቸው። «እናንተን ሥራ አላስፈታም» ብለው ሻንጣቸውን ያስያዙን እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ባለቤቴ ዳቦ አድርሶ ሲገባ አንዳንዴ ያመልጠውና «እማዬ ቁርስ በላች?» ይላል፤ እኔም ምድጃውን የማይ መስዬ ጀርባዬን እሰጠዋለሁ። መኪናዋ ግን ሰሌዳዋ ታስሮላት ኮሽ ሳትል ትሄዳለች። በጣም ጥሩ መኪና ናት።

ዕድሜና ሹመት ይጨምርልዎ። እርጅና ሲመጣ ልጆችዎ በየትኛው መኪና እንደሚያመላልሱዎት ከአሁኑ ያስመዝግቡ ዘንድ በትሕትና እመክራለሁ።

ከታላቅ አክብሮትና ከዚያ ከሚበልጥ ድካም ጋር፣
ዳቦ ጋጋሪዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በግቢዎ ለሕዝብ የተተከለው የኤሌክትሪክ መሙያ ፊት ዘወትር የምትቆመው የናፍጣ መኪና የእርስዎ መሆኗን ጥበቃው ነግሮናል፤ ጥላ ፈልገው ነው አሉ። ኧረ አይነሡ፣ እኛ ቤታችን እንሞላለን። ብቻ ስለ ንጹሕ አየር በሬዲዮ ሊናገሩ ሲገቡ ሞተሯን ያጥፏት፤ ድምፅዎ አልሰማ እያለን ነው።