ሞተር ጠፍቶ የማትወርድ አውሮፕላን

እታለምዬ፣

አንቺን ከቀበርን ሁለተኛው ክረምት ገባ። ቆሰበር እንደምታውቂው ነው፤ ዝናቡ ጧት ጀምሮ ማታም አይደክመውም። እማዬ ደህና ናት፣ ጉልበቷን ብቻ ያማታል። አባዬ አሁንም ምሳ ሲቀርብ ስምሽን ይጠራል። እኔ ትምህርት አቁሜያለሁ። ከፊዚክስ መምህሩ ጋር ተጣልቼ ደብተሬን በመስኮት ወርውሬ ወጣሁ። ደብተሩን እንኳ ሰው አመጣልኝ፣ እኔን የመለሰኝ የለም። ጆሮዬን በጎተትሽኝ! የማፍረው ግን በሌላ ነው።

ለበረራ ሲሙሌተር፣ በኮምፒውተር አውሮፕላን ለሚበርበት ጨዋታ ብለን በላፕቶፕሽ የሠራናት ትንሽ አውሮፕላን ትዝ ትልሻለች? አራታችንን ጭና ከቆሰበር ሜዳ ስትነሳ ኮረብታውን አላልፍ ብላ ስንት ጊዜ ተከሰከሰች! የየሰዉን ኪሎ በየወንበሩ ያስገባሽው አንቺ ነሽ። የእማዬን ጨምረሽ ጽፈሽ ተቆጣችሽ፣ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። እኔ ድራጉን፣ አየሩ አውሮፕላኗን ወደኋላ የሚይዝበትን ቁጥር፣ እንቀንሰው ስልሽ እምቢ አልሽ። እዚህ ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ ሞተሩም ይደክማል፤ ካልቻለች ሰው አውርድ እንጂ በቁጥር አትዋሽ አልሽኝ። ምን ዓይነት ክፉ ሹፌር ነሽ፣ እናትሽን ሜዳ ላይ ጥለሽ ልትሄጂ ብዬ ቀለድሁብሽ።

ከሞትሽ በኋላ ከፈትኋት። የሚወርደው ማን እንደሆነ ግልጽ ነበር። ወንበርሽ ላይ ያለውን ኪሎ ላጠፋ ስል እጄ እምቢ አለኝ። ድራጉን ቆረጥሁት። ወፍ ሆነች! ደስ ብሎኝ ኢንተርኔት ላይ ለቀቅኋት፤ ሠሪዋ ብዬም ያንቺን ስም ጻፍሁ።

ሰው አመሰገነ። አንድ የዳንግላ ልጅ ግን፣ "ጥርባ ሰማይ ላይ ሞተር አጥፍቼ ዳንግላ ደረስሁ፣ አሁንም አልወረደችም። እህቴ፣ የሠራሻት በሂሳብ ነው በጸሎት?" ብሎ ጻፈ። ደሜ ፈላ። አፌ ላይ የመጣውን ስድብ ሁሉ ላክሁለት፤ ታውቂኛለሽ። እሱ ግን፣ "ይቅርታ እህቴ፣ ላስቀይምሽ ብዬ አይደለም" አለ።

እህቴ! ያን ሁሉ ብልግና ያንቺ መስሎታል። አንቺ፣ ሰው ሰድበሽ የማታውቂው። ፊቴን የት ላግባው?

ትናንት እውነቱን ጻፍሁለት። ተሳዳቢው እኔ ታናሽ ወንድሟ ነኝ፣ እሷ በሕይወት የለችም፣ ድራጉንም ያበላሸሁት እኔ ነኝ አልሁት። የውሸቱን ድራግ አጥፍቼ ያንቺን ቁጥር መለስሁ። አውሮፕላኗ ወዲያው ከበደች፤ ተንገዳግዳ ተነሳችና ኮረብታው ላይ ተላተመች። ከዚያ የወንበርሽን ኪሎ ዜሮ አደረግሁት።

ዛፎቹን ልትነካ ምንም ሳይቀራት አለፈች።

እታለም፣ አለፈች ብዬ እንዴት ልደሰት? አንቺን አውርጄ ስትቀልልኝ አየኋት፣ ከራሴ ጋር ተፋፈርሁ። እንዲሁ እንዳለች መልሼ ኢንተርኔት ላይ ለቀቅኋት፤ አሁን የሚያበርሯት ሰዎች አንድ ባዶ ወንበር ያያሉ። የማን እንደሆነ አያውቁም። እኔ አውቃለሁ፤ እስካለሁም ማንንም አላስቀምጥበትም።

ታናሽሽ