ያልተረገጠው ጉድጓድ

ማክሰኞ፣ የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ፒያሳ

ወንድሜ ዳዊት ዛሬ ጠዋት ወደ በረሃማው አምባ ሄደ። የሚመራው እኔ በሰጠሁት የድሮ ካርታ ነው። ካርታው ላይ የውኃ ጉድጓድ ስላለ ለአንድ ቀን የሚበቃ ውኃ ብቻ ያዘ።

ከሰዓት የካርታውን ቅጂ ለጋሽ ታምራት አሳየሁ። በወጣትነታቸው የሣሉት እሳቸው ናቸው። ዶሮ ማነቂያ ሰፈር የነበረው ቤታቸው ከፈረሰ ወዲህ ፒያሳ የሚመጡት ለማኪያቶ ብቻ ነው። ቅጂውን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው የወንዙን መስመር በጣታቸው ተከተሉ።

«ይሄ ወንዝ ያኔም እየደረቀ ነበር።»

«ጉድጓዱስ?»

«እሱ ጋ አልደረስንም። መኪናችን ተበላሽታ ተመለስን። ያልረገጥነውን ከአሮጌው ካርታ እንገለብጥ ነበር። ሁሉም እንደዚያ ነበር የሚሠራው።»

«አሮጌውን የሣሉትስ ደርሰውበታል?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ እንዴ? ጣሊያኖቹን ጠይቂያቸው!»

ሳቁ። ፊቴን ሲያዩ ግን ሳቃቸው ቆመ።

«ማን ነው የሄደው ልጄ?»

ለዳዊት ደወልኩ። ስልኩ አይሠራም። ደግሜ ደወልኩ፤ እስካሁንም እየደወልኩ ነው።

ጋሽ ታምራት እርሳስ ተውሰው የጉድጓዱን ምልክት ሰረዙት። የሰረዙት ግን እኔ ጋ ያለውን ነው።