የጨው ሜዳው አቋራጭ

ጥቅምት 4
ምንም የለም። የግቢውን በር ማጠፊያ ዘይት ቀባሁ። ከአርባ ዓመት የከባድ መኪና ሹፍርና የተረፈኝ ሥራ ይኸው ነው። ፊደል አልቆጠርኩም፤ የምትጽፍልኝ ልጄ ናት። ያልኩትን ብቻ ጻፊ ብያታለሁ። ትስቃለች። መሳቅሽንም ጻፊ!

ጥቅምት 6
የታናሽ ወንድሜ ልጅ ደወለች።
«ጋሼ፣ አባዬን ሐሙስ ጠዋት ሆዱን ሊከፍቱት ነው። ላይነቃ ይችላል ብለዋል።»
«እሱ ነው ያስደወለሽ?»
«ኧረ አያውቅም!»
ከተነጋገርን ሃያ ዓመት። እሱም እንደኔ ሹፌር ነበር። እሱ ወዳለበት ከተማ ሁላችንም በአምስት ቀን ስንነዳ፣ እሱ «በጨው ሜዳው አቋርጬ በአራት ቀን ገባሁ» አለ። ጨው ሜዳ መኪና ይውጣል እንጂ ያሳልፋል? በሹፌሮች ሁሉ ፊት ውሸታም አልኩት። ልክ ነበርኩ።

ጥቅምት 7፣ ማክሰኞ
ትኬት ቢሮ ሄድን። ጥፍሯን የተቀባች ልጅ...
«አባባ፣ በአየር አንድ ሺህ ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል።»
«ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ነው። በጎማዬ የለካሁት!»
«አውሮፕላን እኮ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው።»
ዘጠኝ መቶ ኪሎ ሜትሬን በላችብኝ። ጎማ ሳይፈነዳ፣ ዳገት ሳይወጣ... ይሄም መንገድ ተባለና!
ልጄ ጎተት አደረገችኝ። «አባዬ፣ ነገ በመኪና ብትነሳ እሁድ ነው የምትደርሰው።»
ቁረጪ አልኳት።

ጥቅምት 8
ደረስኩ። ዛሬ የምትጽፈው የወንድሜ ልጅ ናት።
አውሮፕላን ማለት ጉልበት የማያስዘረጋ ወንበርና ጉሮሮ የማያርስ ሻይ ነው። ሹፌሩ አይታይ፣ መንገዱ አይታይ።
ከዚያ ጨው ሜዳው ከታች ነጭ ሆኖ ተዘረጋ። መሃሉን ቀጥ ያለ ጥቁር መስመር ሰንጥቆታል። አጠገቤ የጨው ነጋዴ ተቀምጧል፤ ምንድን ነው አልኩት።
«አቋራጩ ነዋ፣ አባት! በበጋ ሲደርቅ መኪና ያልፍበታል። አባቴም ዱሮ በሱ ነበር የሚያስጭነው።»
ሻዩ ጭኔ ላይ ተደፋ። ሃያ ዓመት...
ከአውሮፕላን ማረፊያው በቀጥታ ሆስፒታል። ወንድሜ አልጋው ላይ አነሰብኝ።
«በምን መጣህ?»
«በአውሮፕላን።»
«አንተ? ሹፌር ተብዬ!»
«አየሁት» አልኩ።
«ምኑን?»
«አቋራጩን። አልዋሸህም ነበር።»
ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። አለቀሰ ብዬ ጎንበስ ብል... ይስቃል፣ ይሄ ሰይጣን!

ጥቅምት 9
ሐኪሙም ሁለት ሰዓት ተኩል ነው አለ። አምስት ፈጀ። ኮሪደሩ ላይ ተገትሬ ዋልኩ። እንዲህ የረዘመ መንገድ ነድቼ አላውቅም።
ነቃ።

ጥቅምት 20
ዛሬ የሚጽፈው ወንድሜ ራሱ ነው። ትራስ ተደግፎ። እጄ አይንቀጠቀጥም ይላል፤ ይንቀጠቀጣል።
«በአራት ቀን መግባቱ እውነት ነበር ብለህ ጻፍ» አልኩት።
ይጽፋል... ይጽፋል... ይሄን ያህል ምን የሚጻፍ አለው? ማንበብ አልችል! በሦስት ቀን ብሎስ እንደሆነ?
«ስንት ቀን ብለህ ጻፍክ?»
ብዕሩን አነሳና አየኝ። «እስቲ ውሸታም በለኝ።»
አፌን ያዝኩ።