ድምፅ የሌላት መኪና

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13፣ ፍኖተ ሰላም



አሮጌዋን ፒካፕ ሸጬ ይቺን የኤሌክትሪክ መኪና ከገዛሁ ወዲህ ሳሞግሳት ነው የከረምኩት። የነዳጅ ሰልፍ የለ፣ ጭስ የለ! የዘንድሮ መኪና ሠሪዎች አንጀቴን አራሱት እያልኩ፣ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ «እስቲ ጆሮህን ስጥ፣ ሞተሯ ይሰማሃል?» እለው ነበር።

ዛሬ ለእናቴ ላሳያት ቡሬ ሄድኩ። ገበያተኛው ጀርባውን ሰጥቶ አስፋልቱን ይዞ ይሄዳል፤ መኪና የሚሸሸው በጆሮው ነው። ስለዚህ መንገዱን ሙሉ ክላክስ እያደረግሁ አለፍኩ። ግቢ ስደርስ ግን ረሳሁት። እናቴ ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል። የፒካፗን ድምፅ ገና ከሩቁ ለይታ ገለል የምትል ሴት ናት። ዛሬ ደጁ ላይ ጎንበስ ብላ በቆሎ ታሰጣለች። እንደ ወትሮው ትነሣለች ብዬ ዝም ብዬ ነዳሁ። ቀና እንኳ አላለችም። ፍሬን የያዝኩት ቀሚሷ የመኪናዋን አፍንጫ ሲነካ ነው።

«እማዬ!» ብዬ ጮህኩ።

ወደ ድምፄ ዞር ብላ ፈገግ አለች።

«መጣህ ልጄ? ምነው በእግርህ? መኪናህን የት ጥለኻት ነው?»