«እኔ» ማለት የከበዳቸው እህታችን፣ ወ/ሮ ስመኝ ይገዙ

እህታችን ወ/ሮ ስመኝ ይገዙ ከአባታቸው ከአቶ ይገዙ ኃይለመለኮትና ከእናታቸው ከወ/ሮ የውብዳር ተሰማ በወሎ፣ ደሴ ከተማ፣ ሆጤ በሚባለው ሰፈር ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በገብርኤል ዕለት ተወለዱ። ይህን የምጽፈው ታላቅ እህታቸው እንግዳወርቅ ነኝ። ልጃቸው ኤፍራታ የእንግሊዝኛውን የሕይወት ታሪክ ጽፋለች። አማርኛ ትናገራለች እንጂ አትጽፍም፣ ስለዚህ ይኼኛው ለእኔ ደረሰ። እኔም ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ የተሳሳተ ካለ የእኔ ነው። ታናሼን «እሳቸው» ማለት ባይቀናኝም ወጉ ነውና እንዲሁ እቀጥላለሁ።

ወ/ሮ ስመኝ አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በደሴ ጨርሰው፣ በዚያው በነርስነት ሙያ በዲፕሎማ ተመረቁ። ኮምቦልቻ ጤና ጣቢያ ሲሠሩ ከአቶ ዋለልኝ ጋር ተዋውቀው በ1993 ዓ.ም. በተክሊል ተጋቡ። ኤፍራታን ከወለዱ በኋላ ዲቪ ደርሷቸው በ1997 ዓ.ም. ወደዚህ አገር፣ ወደ አሜሪካ መጡ፤ ወንዱን ልጃቸውን ምናሴን እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ወለዱ። የአገር ቤቱ ዲፕሎማ እዚህ ስላላገለገለ፣ ነርሲንግ ሆም ውስጥ አረጋውያን እያጠቡና እያጎረሱ ትምህርቱን እንደ አዲስ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2012 የነርስ ላይሰንሳቸውን አወጡ፣ ቀጥለውም ዲግሪያቸውን ያዙ። ከዚያ ወዲህ እስኪታመሙ ድረስ ላንግሊ ፓርክ ባለ አንድ ክሊኒክ ሠርተዋል።

ከዚህ በኋላ ያለው ግን እስካሁን ግራ ያጋባኛል፤ እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2023 ለነርስ ፕራክቲሽነር የዶክትሬት ትምህርት አመለክታለሁ ብለው ተነሡ። «ዶክተር ልትሆኚ ነው?» አልኳቸው። «አይ፣ ነርስ ነኝ። ግን ዶክትሬት ይኖረኛል፣ መርምሬ መድኃኒት አዝዛለሁ» አሉኝ። «እና ዶክተር ነሽ ማለት ነዋ» ስላቸው «አይደለሁም አልኩሽ እኮ» አሉ። ነገሩ ሳይገባኝ ቀረ። ምክንያታቸው ግን ገብቶኛል። ክሊኒኩ የሚመጣው የኛ ሰው በቋንቋው ጭንቀቱን ሁሉ ለእሳቸው ይዘረግፋል፤ እሳቸው ማዘዝ ስለማይችሉ ቀጠሮ ተሰጥቶት ይሄዳል፤ ቀጠሮው እስኪደርስ በሽታው ይብሳል። «እኔው ሰምቼ እኔው ላክመው» ነበር የሚሉት። ሌላ ምኞት አልነበራቸውም።

ትምህርት ቤቱ አመልካቹ ብዙ፣ ቦታው ጥቂት ነው። ስለ ራስሽ ጻፊ ሲባሉ ከአባታቸው ስም ጀምረው፣ እናታቸውን፣ ትውልድ ቦታቸውን፣ ያስተማሯቸውን ሁሉ አመስግነው ጻፉ። ኤፍራታ አንብባ «ማሚ፣ ይሄ እኮ ቀብር ላይ የሚነበበው ነው» አለቻቸው። እሳቸውም «ታዲያ አባቴን ካላወቁ እኔን በምን ሊያውቁኝ ነው?» አሉ። እኔም ልክ ነሽ አልኩ። ለኢንተርቪው እንኳ ሳይጠሯቸው ቀሩ።

በሚቀጥለው ዓመት ኤፍራታ ራሷ ያዘቻቸው። «አንቺ ምን ሠራሽ ነው የሚሉሽ። ስለ ክትባቱ ንገሪያቸው፣ እኔ ነኝ ያደረግኩት በይ» እያለች ታለማምዳቸው ጀመር። እኔ ደግሞ «ራሷን የምታሞግስ ልጅ ከእናታችን አልወጣችም» እል ነበር። አሁንም እንደዚያው ነው የምለው። በእኔና በልጃቸው መሐል ሆነው ብዙ ተጨነቁ።

የክትባቱ ነገር ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የኮቪድ ክትባት ሲመጣ አዛውንቶቻችን ፈሩ። ወ/ሮ ስመኝ ካህናቱን አነጋግረው፣ ክሊኒካቸውን ለምነው፣ ቤተ ክርስቲያናችን ፓርኪንግ ላይ ድንኳን አስተከሉ። ከላንግሊ ፓርክም ከሎረልም እያንዳንዱን ሰው ስልክ እየደወሉ ጠሩ። ዛሬ እዚህ የተገኙት ጋሽ ዋቅጅራ መኪናቸውን ከውስጥ ቆልፈው «አልወጋም፣ የመጣው ይምጣ» ብለው ነበር። ወ/ሮ ስመኝ መስኮቱን አንኳኩተው አስከፈቱና ከጎናቸው ገብተው ተቀመጡ። «ውረጂ እንጂ ልጄ፣ ምሳ የለሽም?» ቢሏቸው «እርስዎ ሲወርዱ እወርዳለሁ» አሉ። ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ ጋሽ ዋቅጅራ «አንቺስ ከበሽታው ትብሻለሽ» እያሉ ክንዳቸውን ሰጡ።

ኢንተርቪው የተደረገው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 ነው። ጸጥታ አለ ብለው አሌክሳንድሪያ እኔ ቤት መጥተው በላፕቶፕ ቀረቡ። እኔ ኩሽና ሆኜ እሰማለሁ። የክትባቱን ሲጠይቋቸው በእንግሊዝኛ «እኔ ነኝ ያደረግኩት» አሉ። ያን ያህልማ እሰማለሁ። ሲጨርሱ ፊታቸው ቀልቶ «ምን አስባለችኝ ይቺ ልጅ! ወንድሜነህ ይህን ቢሰማ ምን ይለኛል?» አሉኝ። ዲያቆን ወንድሜነህ ያን ጊዜ አዛውንቱን በቫኑ ያመላለሰው ነው።

ሌሊቱን ሲገላበጡ አድረው በነጋታው ለትምህርት ቤቱ ኢሜይል ላኩ። «ትናንት እኔ ነኝ ያልኩት ተሳስቼ ነው። ሰዉን ያመላለሰው ወንድሜነህ ነው፣ ስም የመዘገበችው ማኅደር ናት፣ ድንኳኑን የሰጡት ካህናቱ ናቸው» ብለው ሁሉንም በየስማቸው ጻፉ። ኤፍራታ ስትሰማ ራሷን ይዛ «ማሚ፣ በቃ አበላሸሽው» አለች። እኔ ደግ አደረግሽ አልኳቸው፤ ግን እኔም ፈርቻለሁ።

በማርች ተቀበልንሽ የሚል መልስ መጣ። ከዚያ ሁሉ አመልካች የተመረጡት እኔ በማለታቸው ይሁን ወይስ እኔ አይደለሁም በማለታቸው፣ የነገረን የለም። ኤፍራታ በኢንተርቪው ነው ትላለች፣ እኔ በኢሜይሉ ነው እላለሁ። ወ/ሮ ስመኝ ሁለታችንንም ሰምተው ይስቁ ነበር እንጂ አልፈረዱም።

በኦገስት ሊጀምሩ ሲሉ በጁን ሆዳቸውን አመማቸው፤ ቆሽታቸው ላይ ካንሰር ተገኘ። እሳቸው ከሁላችን ቀድመው አውቀውታል። ትምህርት ቤቱ ለአንድ ዓመት ቦታውን ይዤ እቆያለሁ አላቸው፤ እሳቸውም እየታከሙ መጽሐፍ ያነቡ ነበር። አምላክ ለምን መርጦ አስገብቷቸው በር ላይ እንዳቆማቸው አላውቅም። ካህናቱን ጠይቄያለሁ፤ የመለሱልኝም አልገባኝም። ወ/ሮ ስመኝ በተወለዱ በ50 ዓመታቸው፣ ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም. ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው ቤታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸው አቶ ዋለልኝ፣ ልጆቻቸው ኤፍራታና ምናሴ፣ እኔ እህታቸው፣ እንዲሁም በክሊኒኩ መምጣታቸውን የሚጠብቁ በሽተኞቻቸው ከኋላቸው ቀርተናል።

የዕድሩ ሰዎች ፎቶው ሥር «ዶክተር» ብለን እንጻፍ ወይ ብለው ጠይቀውኝ እንቢ ብያለሁ። ያልሆኑትን ናቸው ብንል እሳቸው አይወዱም። የሆኑትን ግን ማንም አያስቀርብኝም። ወንድሜነህ አመላልሷል፣ ማኅደር መዝግባለች፣ ካህናቱ ድንኳን ሰጥተዋል፤ ሁሉንም እግዚአብሔር ይስጥልን። ሐሳቡን ያመጡት፣ ሰዉን የጠሩት፣ ጋሽ ዋቅጅራ መኪና ውስጥ ምሳ ሳይበሉ የዋሉት ግን ስመኝ ናቸው። አንቺ ነሽ ያደረግሽው፣ እህቴ። ዛሬ ኢሜይል ጽፈሽ አታርሚኝም።

የታመመውን ሁሉ የሚሰማ አምላክ አንቺንም ይስማሽ፣ ቀጠሮ ሳይሰጥም ከደጋጎቹ ጋር ያስገባሽ። አሜን።