አባትሽ ያስገጠመው ክዳን

ልጄ ማርቲ፣ ኪዳነ ምሕረት በሄድሽበት ሁሉ ከክፉ ትሰውርሽ። ብርዱ እንዴት አደረገሽ? ልብስ ደርበሽ ውጪ። እኛ ደህና ነን፤ እዚህ መሪ ሰፈርም ዝናቡ በርትቷል።

ያልነገርንሽ ነገር አለ። አክስትሽ ዘቢደር የታመመች ጊዜ አባትሽ ብቻውን ነበር ከእንጦጦ ያወረዳት። መቀመጥ ስላቃታት ከፒካፑ ኋላ ፍራሽ ላይ አስተኛት። ቁልቁለቱ ላይ የጋቢናውን መስታወት መታ መታ አደረገች። እሱ ግን ሐኪም ቤት ቶሎ ልድረስ ብሎ ሳይቆም ነዳ። ሲደርስ አርፋለች።

ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ ባለፈ ቁጥር መስታወቱ ሲመታ ይሰማዋል። በቀደም «ማንም እንዳይቀመጥበት ለፒካፑ ኋላ ክዳን ላስገጥምለት» አለኝና ጋራዥ አብሬው ሄድኩ። ገመዳ የሚባለው ሠራተኛ መጀመሪያ የሸራ ክዳን አሳየው።

«ይሄ ሰው ያስገባል» ብሎ አባትሽ እምቢ አለ። የሚቆለፈውን የብረት ክዳን መረጠ። ገመዳ ጠርዙን በጎማ አሽጎ በቡሎን አጠበቀው።

«ጋሼ፣ ከእንግዲህ ጠብታ አይገባም» ሲለው የአባትሽ ፊት ፈታ አለ።

እሑድ ከእንጦጦ ቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ቁልቁለቱ ላይ ድንገት ቆመ። እኔ ምንም አልሰማሁም። ወርዶ ቁልፉን ከፈተና ክዳኑን ብድግ አድርጎ ዝናብ ላይ ቆመ።

«ምነው?» ስለው፣

«እንዳትታፈን ብዬ ነው» አለኝ።

ቤት እስክንገባ አልዘጋውም። እኔም ዝጋው አላልኩትም፤ ወደ ኋላ ዞሬ ማየትም ፈራሁ።

እባክሽ ልጄ፣ ስትደውይ ስለ መኪናው አትጠይቂው። የሆነ ያልሆነውን አውሪው፣ ቶሎም አትሰናበቺው። እግዚአብሔር በሰላም ያገናኘን።

እናትሽ አስቴር